ሣጥን ይዤ ስቆም ሰው ለምን መንገድ ይሻገራል?

ሣጥን_ያዡ (ርዕሱን የከፈተ) · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ ነው የዋልኩት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን የሚረዳ አንድ ማኅበር ውስጥ በነፃ አገለግላለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስላል። ሥራዬ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን ታቅፌ፣ አራት ኪሎ ታክሲ መያዣው አጠገብ መቆም ነው። ከፒያሳ በኩል የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየኛል። ዓይኑ ሣጥኑ ላይ ያርፍና ወዲያው ስልኩን ያወጣል። ስልኩ አልጠራም እኮ! "ሄሎ፣ ሄሎ" እያለ ያልፈኛል። አንዷ ልጅ ደግሞ አስፋልቱን ተሻገረች፣ በማዶ አልፋኝ ሄደች፣ ከዚያ ተመልሳ ተሻገረች። ለካ የምትይዘው ታክሲ እኔ ካለሁበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ሁለቴ ከመኪና ጋር ተጋፍታ ነው አንዲት አሥር ብር ያተረፈችው።

አልተቀየምኳትም። ሣጥን ባልያዝኩ ቀን እኔም ያው ነኝ።

ማታ ስለዚሁ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። ጄምስ አንድሪዮኒ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁርና ባልደረቦቹ ቦስተን አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ የሠሩት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። በገና ሰሞን ቃጭል እየመቱ ለድሆች ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን አቆሙ። አንዳንዱ ቃጭሉን ብቻ እየመታ ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ዓይን ዓይን እያየ "እባክዎ ዛሬ ይስጡ" ይላል። አፍ አውጥተው ሲጠይቁ የሰጪው ቁጥር ከግማሽ በላይ ጨመረ። ግን ደግሞ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ሰው በሌላው በር መውጣት ጀመረ።

አያችሁ? የሚሰጠውም የሚሸሸውም ስለተጠየቀ ነው።

ስለዚህ እውነቱን ንገሩኝ። ስትሰጡ ለምን ትሰጣላችሁ? ስትሸሹስ? "ለነፍሴ ብዬ" ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ።


ምን_አገባኝ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

መልሱ አጭር ነው። ሰው ተሰላችቷል። ከቤት ስወጣ ጀምሮ እጠየቃለሁ። ታክሲ በር ላይ፣ ባንክ በር ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ። የቱ ሣጥን የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንድ ልጅ የሆስፒታል ወረቀት ላሚኔት አስደርጎ ሲለምን አዝኜ ሰጠሁት። ከስምንት ወር በኋላ ያው ልጅ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ቦታ። ቀኑን እንኳን አልቀየረውም። እኔ ገንዘቤ አልነበረም የቆጨኝ፣ ማዘኔ ነው።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:48

ሳይኮሎጂ ነው የምማረው፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ወደዚሁ ስለሚጠጋ አላስችለኝ አለ።

የጠቀስከው አንድሪዮኒ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፉ ነው በደንብ የሚታወቀው። ሰው የሚሰጠው የተቸገረው እንዲያልፍለት ብቻ አይደለም፣ ራሱ መስጠቱ ልቡን ሞቅ ስለሚያደርገው ጭምር ነው አለ። ለተቸገረው ብቻ ብናስብ ኖሮ ሌላ ሰው ከሰጠ እኛ እጃችንን በሰበሰብን ነበር። ግን አንሰበስብም። "እኔም ልስጥ" እንላለን።

ታዲያ መስጠት ደስ ካሰኘ ለምን እንሸሻለን? የቦስተኑ ጥናት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ ለኛ ሰው አይከብድም። በጾም ሥጋ ቤት ደጃፍ የማያልፍ ሰው ሥጋ ጠልቶ አይደለም። ራሱን ስለሚያውቅ ነው። አንተን ያየችህ ልጅም ዓይንህን ካየች እንደምትሰጥ አውቃለች። ለዚህ ነው ቀድማ የተሻገረችው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ፊት ለፊትህ ባለፈች ነበር፣ ምን አደከማት?

ሬኔ ቤከርስና ፓሜላ ዊፕኪንግ የሚባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ለመስጠት የሚያነሳሱ ስምንት ነገሮችን ለይተዋል። አንዱ መጠየቅ ነው፣ በቃ። እዚያው ሆላንድ በተደረገ መጠይቅ ከልግስናው አብዛኛው፣ ከ100ው ከ80 በላይ፣ ሰው ከተጠየቀ በኋላ የመጣ ነው። ማንም እቤቱ ተቀምጦ "ዛሬ ለማን ልስጥ" ብሎ አያስብም ማለት ይቻላል።


ወያላው · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:10

ምሁር አይደለሁም፣ ግን ይሄን በየቀኑ አየዋለሁ። ታክሲ እስኪሞላ ቆመን የኔ ቢጤ በር ላይ ይመጣል። "ስለ ማርያም" ይላል። ጋቢና ያለው ወይ በር ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰው "እግዜር ይስጥህ" ካለች አለቀ፣ አስራ ሁለቱም "እግዜር ይስጥህ" ነው። እሷ ቦርሳ ከከፈተች ግን ከኋላ ወንበር ሁሉ ዝርዝር እየተቀባበለ ይመጣል። ያው ሰው፣ ያው ታክሲ። የመጀመሪያው ሰው ነው ነገሩን የሚወስነው።

ደግሞ ጠዋትና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም አይሰጥም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሰጣሉ።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:31

@ወያላው ወንድሜ፣ ሁለት ጥናት በሁለት አንቀጽ ጨርሰህብኛል።

ስለ መጀመሪያው ሰው ያልከውን አሜሪካ ውስጥ በአድማጭ መዋጮ የሚተዳደር ሬዲዮ ላይ አይተውታል። ደውሎ ለሚያዋጣው ሰው "ሌላ አባል 300 ዶላር ሰጥቷል" ሲሉት መዋጮው በአማካይ 12 በመቶ ከፍ አለ። እኛ ጋ ደብር ሲሠራ በማይክራፎን "አቶ እገሌ አምስት ሺህ!" የሚባለው ለዚህ ነው። ማንም ሳያስተምረው ያ ሰባኪ አውቆታል።

ስለ ሰዓቱ ያልከው ደግሞ የቆየ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ። ፕሪንስተን የሚማሩ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ እያሳለ እያቃሰተ ተቀምጧል፣ አውቀው ነው ያስቀመጡት። ጊዜ አለህ ከተባሉት ከ100ው 63ቱ ቆም ብለው ረዱት። ረፍዶብሃል፣ ፍጠን ከተባሉት 10ሩ ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ የሚሮጠው ራሱ የተኮራመተውን ተራምዶ ያለፈበት ጊዜ ነበር።

@ሣጥን_ያዡ ምክር ከፈለግክ፣ ሰልፍ ያለበት ቦታ ቁም። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው አይቸኩልም፣ ቢቸኩልም የትም አይሄድ።


የእድር_ጸሐፊ · እሑድ፣ ከቀኑ 8:15

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ናት ይህን አሳይታኝ የተመዘገብኩት፣ ስጽፍ ብሳሳት ይቅርታ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ ያለ እድር ጸሐፊ ነኝ። ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጥያቄው ስለ ሣጥን ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ከዚህ ጋር የሚሄድ መሰለኝ።

ድሮ ቀብር ሲኖር ስም እጠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መዝገቡን ይዤ፣ "አለሁ" ይባላል። የቀረ ሰው ቅጣቱ ትንሽ ነበር፣ ለወጉ ያህል። ዋናው ቅጣት ማክሰኞ ገበያ ላይ "ምነው የእማማ እገሊት ቀብር ላይ ሳናይህ?" መባሉ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ተበተነ። ገሚሱ ወደ ገላን፣ ገሚሱ ወደ ቦሌ አራብሳ። ሰው መቅረት አበዛ። ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ቅጣቱ ሁለት መቶ ብር ይሁን አለ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ አልክድም።

ምን ሆነ መሰላችሁ? መቅረቱ ባሰ። ቀድሞ የሚቀር ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመጣና ምክንያቱን ይደረድር ነበር። አሁን በቴሌብር ይልካል። አንድ ነጋዴ አባላችን መስከረም ላይ መጣና "ጋሼ፣ የዓመቱ ቅጣት ስንት ይሆናል? በአማካይ ገምተው ይንገሩኝ" አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ከኪሱ አውጥቶ ቆጠረልኝ። ከዚያም "ደረሰኝ ይቁረጡልኝ" አለ። ቆረጥኩለት፣ ምን ላድርግ?

ሣጥናችን እንደ ዘንድሮ ሞልቶ አያውቅም። ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ጠፋ። ባለፈው ወር በቀን ሙያተኛ አስተከልን።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:02

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ልክ የእርስዎ እድር ነው። በእስራኤሏ ሐይፋ ከተማ 10 የሕፃናት መዋያዎች ውስጥ ወላጆች ልጅ ለመውሰድ እያረፈዱ አስተማሪዎቹን አስቸገሩ። በ6ቱ ላይ አሥር ሰቅል ቅጣት ተጣለ። የሚያረፍደው ሰው ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆነ! ቀድሞ ማርፈድ አስተማሪዋን ማሳፈር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ማርፈድ ዋጋ ያለው ዕቃ ሆነ፣ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። ይህን ስነግርዎ የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቅጣቱ ሲነሳ ወላጆቹ ወደ ድሮው አልተመለሱም። ማርፈዱ እንዳለ ቀጠለ።

እነዚያው ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት ሌላ ሙከራም አሳትመዋል። 180 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እንዲሰበስቡ ተላኩ። አንደኛው ቡድን ስለ ሥራው ጥቅም ብቻ ተነገረው። ሁለተኛው ከሚሰበስበው 1 በመቶ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ ይታሰብለታል ተባለ፣ ክፍያው ከተመራማሪዎቹ ኪስ ነው። ብዙ የሰበሰበው ምንም ያልተከፈለው ነው። 10 በመቶው ሁለተኛ ወጣ። ጭራ የሆነው 1 በመቶው ነው። ትንሽ ብር ከምንም የከፋ ነው ማለት ነው። "ለዚች ነው እንዴ የምንከራተተው?" ያሰኛል።

አበል ካልተቆረጠ ስብሰባ የማይገባ ሰው ያላችሁበት መሥሪያ ቤት ካለ ይህን አንቀጽ ለጥፉበት።


ካዛንቺስ_ነበርኩ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20

ስሜ እንደሚያሳየው ተነሺ ነኝ። ጋሼን አከብራለሁ፣ ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ጎን ብቻ አይታይ።

ቀብር ስድስት ሰዓት ነው ይባላል። ከገላን ለመድረስ ሦስት ታክሲ። አለቃዬ "ደግሞ ማን ሞተብሽ?" ይለኛል፣ የእድር ሰው ዘመድ አይደለም ለሱ። ያንን ሁለት መቶ ብር የምልከው "ቀብሩን ገዛሁት" ብዬ አይደለም። "አለሁ፣ ከመዝገቡ እንዳታወጡኝ" ማለቴ ነው። ከፍዬም አለቅሳለሁ። አዲሱ ሰፈር እድር ልግባ ብል ማንንም አላውቅም፣ ሬሳዬን ማን ይሸከመዋል?

ቅጣት ለነጋዴው ዋጋ ሊሆን ይችላል። ለኔ ክር ነው።


የእድር_ጸሐፊ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

ልክ ነሽ ልጄ። አላሰብኩትም። መዝገቡ ላይ አንቺም ነጋዴውም "ቀሪ፣ ከፍሏል" ነው የምትባሉት። እኔ ነኝ የምጽፈው።


ነርስ_ከስታዲየም_አካባቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

የምሠራበትን አልናገርም። ሥራዬ ግን ከደም ለጋሾች ጋር ነው።

እኛ ጋ ይህ የገንዘብ ነገር የቀልድ አይደለም። ሪቻርድ ቲትመስ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ደም መግዛት ስጦታውን ያበላሸዋል ብሎ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ በፈቃደኝነት፣ ያለ ክፍያ ይሰጥ ይላል። ምክንያቱ ምግባር ብቻ አይደለም። ብር የፈለገ ሰው ሕመሙን ይደብቃል።

አየዋለሁ እኔ። ምትክ ለጋሽ አምጡ ሲባል ቤተሰብ ይጨነቃል። አንድ ቀን "የአክስቱ ልጅ ነኝ" የሚል ወጣት መጣ። ቅጹን ስሞላ "የታማሚው ስም ማነው?" አልኩት። ወደ በሩ ዞሮ አየ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፣ በከንፈሩ ሊነግረው ይሞክራል። መለስኩት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ታማሚውስ?

ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ለጋሽ ለመሆን የጤና ምርመራ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ። ያለ ክፍያ ሲሆን ከሴቶቹ 52 በመቶ እሺ አሉ። 50 ክሮነር ይከፈላችኋል ሲባሉ ወደ 30 ወረደ። ብሩን ለበጎ አድራጎት መስጠት ትችላላችሁ ሲባሉ ተመልሶ 53። ወንዶቹ ላይ ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ምክንያቱን የሚያውቅ ወንድ ካለ ይንገረኝ።

ግን ቲትመስን ሙሉ ለሙሉ አትመኑት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት የኢኮኖሚ ሰዎች በተለያዩ አገሮች መስክ ላይ የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲያዩ ትንንሽ ስጦታ፣ ቲሸርት፣ የመገበያያ ካርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጋሹን ጨምሯል፣ የደሙንም ጥራት አልጎዳም። እና ነገሩ መጠይቅ ላይ የምንለውና እጃችንን ስንዘረጋ የምናደርገው ለየቅል መሆኑ ነው።

አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ሦስት ወሩ ሲሞላ ቀን ሳያዛንፍ የሚመጣ። ከሰጠ በኋላ ለስላሳና ብስኩት እናቀርባለን፣ እንዳያዞረው። ብስኩቱን ይበላል። ለስላሳውን አይነካም። "እሱን ከጠጣሁማ ተከፈለኝ ማለት ነው" ይላል። ብስኩቱስ? ስለው "ብስኩት ዕቃ ነው እንዴ?" አለኝ።


ኡሙ_ሐምዛ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

አሰላሙ አለይኩም። ሁላችሁም ስለ ስሜት ነው የምታወሩት። እኛ ጋ ዘካ የሚባል አለ፣ ስሜትን አይጠብቅም። ዓመት የሞላው ሀብት መጠኑ ከደረሰ 2.5 በመቶው ይወጣል። ደስ ቢልህም ባይልህም። ምክንያቱም ያ ገንዘብ ያንተ አይደለም፣ የድሃው ሐቅ ነው፣ አንተ ጋ ያደረ አደራ ነው። ሰደቃ ሌላ ነው፣ እሱ በፈቃድ ነው፣ ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሰጠውን ባያውቅ ይመረጣል።

አባቴ ፒያሳ ሱቅ ነበረው። ጁምዓ በኒ መስጊድ ሲሄድ አንዱ ኪሱ ለዘካ፣ አንዱ ለሰደቃ ነበር። የዘካውን ሲሰጥ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፣ የመብራት ሂሳብ እንደሚከፍል ሰው። የሰደቃውን ሲሰጥ ግን ዙሪያውን ያይ ነበር፣ ሰው እንዳያየው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ሌባ ይመስለኝ ነበር።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

@ኡሙ_ሐምዛ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ምናልባት አባትሽ ፊታቸው ላይ ባያሳዩት ነው እንጂ ከውስጥ ሞቋቸው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 19 ሴቶችን ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው ገንዘባቸው በግዴታ፣ ልክ እንደ ግብር፣ ለተራቡ ምግብ ወደሚያቀርብ ድርጅት ሲሄድ አንጎላቸውን አዩት። ደስታ ሲሰማን የሚነቃው የአንጎል ክፍል በግዴታውም ጊዜ ነቅቷል። በፈቃድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።


ቲሸርት_ለባሽ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

ማንም ስለኛ አላወራም እንጂ እኔ "ለሰርተፍኬት ነው" እየተባልን የምንሰደበው የክረምት በጎ ፈቃደኛ ነኝ። እና አዎ፣ ለሰርተፍኬት ነው የሄድኩት። ሲቪዬ ባዶ ነበር። ቤት መዋልም ሰልችቶኝ ነበር።

የአንዲት እማማ ቤት አደስን፣ ጭቃ አቡክተን ለሰንን፣ አሮጌውን በር ነቅለን የብረት በር ገጠምን። ፎቶ ተነሳን፣ ሰርተፍኬቱ መጣ፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ። "የገጠማችሁት በር ሲጢጥ ይላል፣ ጎረቤት አስቸገርኩ" አሉኝ። ግራሶ ይዤ ሄድኩ። በወሩ ደግሞ ደወሉ። ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ በሩ አሁንም ሲጢጥ ይላል። አሁን አሁን ሆን ብለው ውሃ የሚያፈሱበት ይመስለኛል።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

@ቲሸርት_ለባሽ አትፈር። አለን ኦሞቶና ማርክ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት የኤድስ ሕሙማንን የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን ተከታትለው ነበር፣ ሁለት ዓመት ተኩል። ረጅም ጊዜ የቆዩት እነማን ሆኑ? ለራሳቸውም የሚያገኙት ነገር አለ ብለው የገቡት። ልማር፣ ራሴን ላሻሽል፣ ስለ ራሴ ጥሩ ይሰማኝ ያሉት። በኋላም ስናይደር ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ስድስት ዓይነት ምክንያት ለይቶ መጠይቅ አዘጋጀ። ለሥራ ዕድል ብሎ መግባት ከስድስቱ አንዱ ነው፣ ነውር ተብሎ አልተፈረጀም።

ሰርተፍኬት ብቻውን ግን ክረምቱን ካለፈ እንጃ። አንተን ያቆየህ ሲጢጥ የሚለው በር ነው። ሰው በስምህ ጠርቶ ጠየቀህ።


ምን_አገባኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ፎቶ ስትሉ አስታወሳችሁኝ። የበዓል ሰሞን ዘይትና ዱቄት ተሸክመው ካሜራ ፊት የሚቆሙ እናቶችን ሳይ ነው ጨርሶ የሚያስጠላኝ። ሰጪው ይስቃል፣ ተቀባይዋ መሬት መሬት ታያለች። @ሣጥን_ያዡ የናንተ ሣጥን ላይስ የሕፃን ፎቶ የለም? እውነቱን ተናገር።


ሣጥን_ያዡ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

አለ። ስለሱ ነው ሦስት ቀን ዝም ያልኩት።

ማኅበሩ ፎቶ የሚለጥፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ዝነኛ ጥናት አለ። ለተሳታፊዎች 5 ዶላር ሰጥተው፣ ለገሚሱ ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅን ታሪክና ፎቶ አሳዩ። ለገሚሱ ስለ ሚሊዮኖች ረሀብ ቁጥር ብቻ። ለሮኪያ በአማካይ 2.38 ሰጡ፣ ለቁጥሩ 1.14። ሁለቱን አንድ ላይ ያዩት 1.43። ቁጥሩ ሲጨመር ልብ ቀዘቀዘ ማለት ነው።

እና ይህ ለኛ አዲስ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሲሄዱ ወሎ ውስጥ የተራበው ሕዝብ ብዙ ነበር። እሳቸውን የያዛቸው ግን የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት የምትታገል አንዲት ሕፃን ናት። እሷንና ሌላ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ 21 ሆኑ። ባላቸውን፣ ትዳራቸውን ሁሉ አጡበት። አንዲት ልጅ ባያዩ ኖሮ በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጸበል አከፋፍለው በተመለሱ ነበር ይሆናል።

ግን እሳቸው ልጅቷን አዩ እንጂ አላሳዩም። ሣጥናችን ላይ ያለችው ልጅ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት አስተባባሪያችን እየሳቀ ነገረኝ፣ ትምህርት ቤት "የሣጥኗ ልጅ" ይሏታል አሉ። እሱ ዝነኛ ሆነች ለማለት ነው። እኔ ምሳ አልወረደልኝም።


ስድስት_ኪሎ_ማስተርስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

አንድ ነገር ልጨምር። የሮኪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 በብዙ ሰው ላይ ተደግሞ ሲሞከር ያ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ "ፎቶ ካልለጠፍን እንራባለን" የሚል ሰው ካለ እጁ ላይ ያለው ማስረጃ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። አንስተው።


ሣጥን_ያዡ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

አነሳሁት። አስተባባሪው ፊቱን አጠቆረብኝ። በፎቶው ቦታ ባለፈው ወር ምን ያህል እንደገባና በምን እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ለጠፍኩ። ደብተር፣ ጫማ፣ የቤት ኪራይ። ማስተርሷ እንዳለችው ሰልፍ አጠገብ ቆምኩ። ሣጥኑን ወደ ሰው ደረት መግፋት ትቼ "እንደምን ዋላችሁ" ብቻ አልኩ፣ ዓይን እያየሁ።

አልዋሽም፣ ካለፈው ቅዳሜ ያነሰ ነው የገባው። ሰልፉ ላይ ያሉ አንድ አባት ግን ወረቀቱን መነጽር አውጥተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። "ኪራዩን አስወድዳችሁታል፣ ተከራከሩ" አሉኝና ሃምሳ ብር ከተቱ።

ያቺ ልጅ ዛሬም መጣች። አየችኝ። ዛሬም ተሻገረች። ግን ማዶ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ።


የእድር_ጸሐፊ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:00

ልጆች፣ እኛም ጉባኤ ተቀመጥን። የሐይፋውን ነገር ለአባላቱ አነበብኩላቸው። "ቅጣቱን አንስተን ስም ጥሪውን እንመልስ" የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያች የካዛንቺሷ ልጅ ያለችውንም አነሳሁ፣ የራቀ ሰው ይታሰብበት አልኩ። ሦስት ሰዓት ተከራከርን። ያ ነጋዴ ተነስቶ "እኔስ የዓመቱን ከፍዬ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ አዛውንት "አንተ አይሱዙ የለህም? ድንኳኑን ከመጋዘን አምጣልን፣ ሌላ አንፈልግም" አሉት። ምንም አልመለሰም።

ዓርብ ቀብር ነበር። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን አይሱዙው ደጃፍ ቆመ። ሾፌር አልላከም፣ ራሱ ነው የነዳው። ምሰሶ ሲያወርድ እጁን ጭሮት በመሐረብ ጠቅልሎት ነበር። ስሙን ስጠራ ከኋላ ሆኖ "አለሁ" አለ።


ምን_አገባኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:12

ጋሼ፣ የከፈለው ቅጣትስ ተመለሰለት?


የእድር_ጸሐፊ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

አልተመለሰም። ደረሰኝ ተቆርጧል።